እማማ ስንዱን ቻርጅ ያደረጉ መምህር

የጋሼ ውበቱን ማረፍ የሰማሁት ሥራ ላይ፣ የኤሌክትሪክ ሳጥን ከፍቼ ጭንቅላቴን ውስጡ ከትቼ ሳለሁ ነው። የደወለልኝ አቪ ነበር፤ ያኔ ጋሼ ዘንድ አብሮኝ ፊዚክስ የተማረ ልጅ ነው።

«ትርንጎ፣ ጋሼ ሞተ። ሺቫው፣ የሰባት ቀን ልቅሶው፣ ክርያት አታ፣ ልጁ ቤት ነው» አለኝ።

እንዲህ ነው አነጋገሩ። እዚሁ ሃይፋ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አንቱታ የሚባል ነገር አፉ ላይ አይመጣም፤ «አረፉ» በል ቢሉት ምላሱ ይተሳሰራል። እኔም ደንግጬ ቀና ስል ከሳጥኑ ክዳን ጋር ተላተምኩና «ወይኔ!» ብዬ ጮኽኩ። አቪ ለጋሼ የጮኽኩ መስሎት «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይለኛል። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የጮኽኩት ለግንባሬ ነበር። ለጋሼ ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ነው፤ ልቅሶው ሳያልቅ ደግሞ ሳቅ መጣብኝ። አጠገቤ የሚሠራው ሰውዬ ምን እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ «አስተማሪዬ ሞቱብኝ» አልኩት እየሳቅኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ምሳውን ከእኔ ራቅ ብሎ ነው የሚበላው።

ታዲያ ምን ላድርግ? ጋሼ ውበቱን እያሰበ ማልቀስ ብቻ የሚችል ሰው ካለ ሰውዬውን አያውቃቸውም ማለት ነው።

«ውበቱ» ያሏቸው እናታቸው ናቸው። «እናቴ በጨለማ ነው የወለደችኝ፤ መብራት ቢኖር ኖሮ ሌላ ስም ታወጣልኝ ነበር» ይሉ ነበር። አጭር፣ ጆሮ ሰፊ፣ ሆዳቸው ከቀበቶው በላይ ጎረቤት የሚጠይቅ ሰው ነበሩ። ክረምት ከበጋ የማይለይ ቡናማ ሹራብ ነበራቸው። ነሐሴ ላይ፣ እኛ ማዝጋኑ ሥር ተኮልኩለን ቀዝቃዛ አየር ስንለምን፣ እሳቸው ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው «ይነፍሳል፣ ይነፍሳል» ይላሉ።

ደግሞ የበር እጀታ ይፈሩ ነበር። የኤሌክትሪክ መምህር! ከበረሃ ደረቅ ነፋስ በመጣ ቁጥር ያ ሹራብ ከወንበር ጋር ሲፋተግ ውሎ፣ እጀታ ሲነኩ ጣታቸውን ጠቅ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁልፋቸውን አውጥተው ጫፉን ከእጀታው ያነካካሉ፣ ብልጭ ትላለች፣ «በይ ደህና ዋይ» ይሏታል፣ ከዚያ በእጃቸው ይከፍታሉ። «ጋሼ፣ ሹራቡን ቢያወልቁትስ?» ስላቸው በጣም ተቀየሙ። «ልጄ የሠራችልኝን? ለአንዲት ብልጭታ ብዬ?»

ያስተማሩን ክርያት ሐይም ባለው የሰፈራችን ማዕከል ነው። ሁላችንም ከሠራዊት ወጥተን ኮሌጅ መግባት ፈልገን፣ ባግሩት የሚባለው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ፊዚክሱ ላይ አላሳልፍ ያለን ነበርን። ከእሳቸው በፊት አንድ ወጣት መምህር ነበረ፤ አነጋገሩ የማይቆም ባቡር ነው፣ ጣቢያ ቢያልፍም አያውቅ። ግማሹ ልጅ በመጀመሪያው ወር ቀረ። እኔም ልቀር ነበር። እናቴ ናት «አንቺ ከቀረሽ እኔ እሄዳለሁ» ብላ ያስፈራራችኝ፤ ታደርገዋለች ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ ጋሼ ውበቱ መጡ። ጎንደር ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። እዚህ ከመጡ በኋላ ዕብራይስጡ እስኪገባቸው፣ ማስረጃቸው እስኪጸድቅላቸው፣ እንደገና እስኪማሩ፣ እንደገና እስኪፈተኑ ዕድሜያቸው ሄደ። ሰሌዳ ፊት እንደገና የቆሙት ስልሳን ካለፉ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቀን ማርከሩን አንስተው ጆሯቸው ሥር ነቀነቁት፣ እፍ አሉበት፣ ሰሌዳው ላይ አንድ ነጥብ አሳረፉና ዞረው አዩን።

«ይህች ነጥብ ፕላስ ቻርጅ ናት» አሉ። «ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳትንቋት። ትንሽ ሁና አገር የምታምስ ሰው አታውቁም?»

ሁላችንም ሳቅን። ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እንዲህ ነበር አስተማሪነታቸው። ቻርጆችን እንደ ሰው ያወሩላቸዋል፤ ማይነስ ፕላስን «ትወዳለች»፣ ፕላስ ፕላስን «አይቶ ፊቱን ያዞራል»። ጥያቄ ሲከብደን «ዳር ዳሩን አትዙሩ፣ መሀሉን ጠይቁ» ይሉናል። ይህችን ነገር ለሁሉም ነው የሚሏት። አውቶቡስ ላይ የዘገየ ሾፌር ላይ ሰው ሲጮህ ሰምተው «ምን ዳር ዳር ትላላችሁ፣ ሂዱና መሀሉን ጠይቁት» ብለው፣ መሀሉ ማን እንደሆነ ማንም ሳይገባው፣ አውቶቡሱ በሙሉ ዝም አለ።

አንዲት ጥያቄ ነበረች አቪን ያሳበደችው። ምንም ቻርጅ የሌላት የብረት ኳስ አለች፤ ከውጭ፣ ራቅ ብላ፣ አንዲት ነጥብ ቻርጅ ትቀመጣለች፤ የኳሷ ፖቴንሻል ስንት ነው? አቪ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ በነጥቧ በኩል ያለው ቆዳ ይበልጣል። አንተ ራስህ ታውቃለህ፣ እሳት አጠገብ የተቀመጠ ይበልጥ ይሞቃል።»

«አንቺ ይሉሃል እንጂ አንተ አይሉኝም!» አሉ ጋሼ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ ግን አቪ ጸጥ አለ። «ይሄ እሳት አይደለም፣ አቪዬ። ብረት ነው። ብረት ውስጥ ቻርጅ ባለ እግር ነው፣ ይሄዳል። የትም ቦታ ልዩነት ካለ ይሮጣል፤ ሩጫው የሚቆመው ልዩነቱ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ኳሷ ሁሉ ቦታ አንድ ናት።»

«ቤሰደር» አለ አቪ፣ እሺ ማለቱ ነው። ግን አልገባውም። «ቤሰደር» ሲል እንዳልገባው ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ስለዚህ ጋሼ በዓይናቸው ሊያሳዩት ተነሡ። በሚቀጥለው ቀን አቪ ያመጣውን የእግር ኳስ በወጥ ቤት አሉሚኒየም ወረቀት ጥቅልል አድርገው፣ በዓሣ ማጥመጃ ክር ከጣራው ማራገቢያ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ አንድ የውኃ ፕላስቲክ ቧንቧ በዚያ ሹራባቸው ብብት ሥር ፈተግ ፈተግ አድርገው ወደ ኳሱ አስጠጉ። ኳሱ የሚወደውን እንዳየ ሰው ወደ ቧንቧው ዘንበል አለ። «አያችሁ! አያችሁ!» ይላሉ፣ ከደስታቸው ብዛት ይዘላሉ። አንዷ ልጅ በደንብ ልታይ መብራት የምታበራ መስሏት ማራገቢያውን አበራችው።

ያ ኳስ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ በሦስተኛው ክሩ ተበጠሰ። ጋሼን ጆሯቸውን ጨረፈ፣ በክፍት በር ወጣ፣ ኮሪደሩን አቋርጦ ጎረቤት ያለው የአረጋውያን ሞዓዶን፣ መዋያ ክፍል ውስጥ፣ እማማ ስንዱ እግር ሥር ገባ።

እማማ ስንዱ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው፣ ከዘራቸው ከእሳቸው የሚረዝም፣ የሰፈሩን ዘር ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያውቁ ሴት ነበሩ። ትንሽ ቆይተው ኳሱን ብብታቸው ሥር ይዘው መጡ። ወረቀቱን ሙልጭ አድርገው ልጠውታል።

«ማነው በምግብ የሚቀልድ?» አሉ በሩ ላይ ቆመው። «ዶሮ መስሎኝ ፈትቼ ፈትቼ፣ ኳስ!»

ጋሼ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። እማማ ስንዱ ክፍላችንን ዞር ዞር ብለው አዩት። ማዝጋናችን ከእሳቸው ክፍል ይልቅ ይሠራል። ወንበር ጎትተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም አላስነሣቸውም። ፊዚክሱን እንደ ሬዲዮ ነበር የሚሰሙት።

ይህ ነገር ለሴቶቻችን በዓል ሆነ። እማማ ስንዱ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ያውቃሉ፣ ኪሳቸው ውስጥ ከረሜላ አይጠፋም፣ የማን እናት የማንን እናት እንዳኮረፈች በዝርዝር ይነግሩናል። ወንዶቹ ግን አለቀላቸው። እማማ አንዲት ያላገባች የልጅ ልጅ አለቻቸው። ወንድ ልጅ ባዩ ቁጥር «የማን ልጅ ነህ? አያትህስ? ቅድመ አያትህስ?» እያሉ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በእኛ ዘንድ እስከ ሰባት ትውልድ የሚገናኝ ሰው አይጋባም፤ ስለዚህ የልጅ ልጃቸውን ለማን መዳር እንደሚችሉ በጣታቸው እየቆጠሩ ነበር የሚያጣሩት። አቪ የሚባለው ሰውዬ፣ ሠራዊት ውስጥ ታንክ የነዳ፣ እማማን ኮሪደር ላይ ሲያይ ሽንት ቤት ይገባ ነበር። እስኪሄዱ አይወጣም።

እንዲህ በደስታ እየኖርን ሳለ የማዕከሉ ኃላፊ ጋሼን ጠርታ አነጋገረቻቸው። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። ከላይ ለሚያስተዳድሩት ሰዎች አቤቱታ ደርሷል፦ መምህሩ በአማርኛ ያስተምራል፣ በመጽሐፉ አይሄድም፣ ተማሪ ላይ ኳስ ይወረውራል፣ ክፍሉ ውስጥ አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች። ክፋቱ ደግሞ ከኳሱ ውርወራ በቀር አንዱም ውሸት አልነበረበትም። በሚመጣው ሳምንት አንድ መፋቀሕ፣ ተቆጣጣሪ ማለት ነው፣ መጥቶ አንድ ክፍለ ጊዜ ያያል። ካልጣመው ያ ባቡሩ መምህር ይመለሳል፣ ጋሼ ደግሞ ወደ ቤታቸው።

«እስካሁን የጠበቅሁት ይህችን ክፍል ነበር» አሉን ጋሼ፣ ማርከሩን ከጣት ወደ ጣት እያሻገሩ። «በዚህ ዕድሜ ሌላ ቦታ ማን ይወስደኛል? ከዚህ ከወጣሁ ቤት ተቀምጬ ከባለቤቴ ጋር የቱርክ ድራማ ማየት ነው። እሷ ደግሞ ማን ማንን እንደወለደ ስትጠይቀኝ፣ አላውቅም ካልኩ ትቆጣለች።»

ሳቅን፣ ግን ፈርተን ነበር። እኔ በተለይ። እሳቸው ከሄዱ እኔም እንደማልቀጥል አውቅ ነበር፤ ፊዚክስ የሚባል ነገር የገባኝ በእሳቸው አፍ ብቻ ነው። መክረን ተስማማን፦ በዕብራይስጥ ብቻ፣ በመጽሐፉ ብቻ፣ እማማ ስንዱ ደግሞ ለአንድ ቀን በራሳቸው ክፍል። እማማን መንገር ለእኔ ደረሰ። «እሺ ልጄ» አሉኝ። እሺታቸው በጣም ቀለለኝ፤ መጠርጠር ነበረብኝ።

መፋቀሑ ዮራም ይባላል። ጠና ያለ፣ ቀጭን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚረሳ ሰው። ጥግ ላይ ተቀመጠ። ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጥተዋል፤ ከሥሩ ያው ሹራብ አለ። ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው ይወርዳል። መጽሐፉን ገለጡና እንደ ሬሳ በደረቀ ዕብራይስጥ ማንበብ ጀመሩ። ማርከሩ አልጽፍ አለ። እፍ አሉበት። እንደገና እፍ አሉበት። ዮራም ስልኩን አወጣ።

ከዚያ ስልኩን ሳያስቀምጥ ድንገት አቪን ጠየቀው። «አንተ፣ ረጅሙ። ቻርጅ የሌላት የብረት ኳስ ናት፣ ከውጭ ነጥብ ቻርጅ አለ። ኳሷ ላይ ፖቴንሻሉ የት ይበልጣል?»

«በቅርቡ በኩል» አለ አቪ፣ ሳያቅማማ።

ያችን ጥያቄ! ከጥያቄ ሁሉ ያችን! እኔ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ዮራም ጋሼን አያቸው፣ አንገቱንም ነቀነቀ። አለቀ ብዬ አሰብኩ፤ ዛሬ ያ ሰውዬ ጋሼን ይዞብን ሊሄድ ነው።

ጋሼ መጽሐፉን ዘጉት። ኮታቸውን አወለቁ። ሹራቡ ብቻ ሲቀር ሰውዬው እንደገና ሰው መሰሉ።

«ተነሡ!» አሉ በአማርኛ። «ወንበሩን ሁሉ ወደ ግድግዳ! ያላ!»

ከጓዳው የልጆች መዝለያ ገመድ አምጥተው መሬት ላይ ክብ አድርገው ዘረጉት። «ይህ ኳሱ ነው። መብረር ስለማትችሉ ክብ ይበቃናል። ሁላችሁም ገመዱ ላይ ቁሙ፤ ወንዶች ፕላስ፣ ሴቶች ማይነስ፣ ግማሽ ግማሽ ናችሁ፣ ድምራችሁ ዜሮ። ከገመዱ ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም። ትርንጎ፣ አንቺ ቻርጅ አይደለሽም፤ ወንበር ይዘሽ መሀል ተቀመጪ።»

«ነጥብ ቻርጇስ ማን ትሁን?» አልኳቸው።

መልስ ሳይሰጡኝ በሩ ተከፈተ። እማማ ስንዱ ለካስ ኮሪደሩ ላይ ጆሯቸውን ደቅነው ቆመው ነበር።

«ምነው ዛሬ ገበያ ሆናችሁሳ?» አሉ፤ ገቡ።

የሆነውን ማየት ነበር። ማንም ምንም ሳይል ወንዶቹ በሙሉ ገመዱን ተከትለው እየተጋፉ ወደ ወዲያኛው ጥግ ሸሹ። ሴቶቹ ደግሞ ከረሜላውን አስበው ወደ በሩ በኩል ተሰበሰቡ። አንድም ሰው ከገመዱ አልወጣም። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«እነሆ!» አሉ። «ማንም አላዘዛቸውም! እማማ፣ ባሉበት ይቁሙልኝ። እርስዎ ፕላስ ነዎት።»

«ጋሼ» አለች አንዷ ልጅ፣ «እሳቸው ሴት አይደሉ እንዴ? ለምን ማይነስ አይሆኑም?»

«አንቺ ሂጂና ማይነስ ነዎት በያቸው» አሉ ጋሼ። አልሄደችም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አሁን ዕብራይስጥና አማርኛውን አደባልቀው፣ ዮራምም እንዲሰማ፣ በሚያምርባቸው ፍጥነት ነበር የሚናገሩት። «ትርንጎ፣ ፕላስ ፖቴንሻልሽን ከፍ ያደርገዋል፣ ማይነስ ዝቅ ያደርገዋል፣ የቀረበ ይበልጥ፣ የራቀ ያነሰ። እስኪ ንገሪኝ፣ ከእነዚህ ሁሉ ለአንቺ የሚቀርብሽ ማነው?»

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ወንዶቹ ከኋላዬ፣ ሴቶቹ ከፊቴ። «ማንም» አልኩ። «ሁሉም እኩል ነው የሚርቁኝ። ገመዱ ክብ ነው።»

«ፕላሶቹና ማይነሶቹስ?»

«እኩል ናቸው።» ያኔ ብልጭ አለልኝ። «ጋሼ፣ ይጠፋፋሉ! አንዱ የጨመረውን አንዷ ትቀንሰዋለች። የት እንደቆሙም ግድ የለኝም!»

«ማን ቀረልሽ?»

«እማማ ስንዱ ብቻ! ከመሀል እስከ እሳቸው ባለው ርቀት!»

«በቃ! ቻርጃቸውን ለዚያ ርቀት ማካፈል፣ በቋሚዋ ቁጥር ማባዛት፣ ወደ ቤት መሄድ! ከቆዳው አይደለም፣ ከመሀሉ! አቪ፣ አንተ ለምን ቆመሃል? ለምን አትሮጥም?»

«የት ልሩጥ?» አለ አቪ ግድግዳው ሥር ተለጥፎ። «ከኋላዬ ገመዱ አለ፣ በጎን ሰው ገፋኝ፣ ወደዚያ ደግሞ እሷ አለች።»

«የሚሮጥ ካልቀረ ልዩነት አልቀረም። መሀሉም፣ የአንተም ቦታ፣ የሴቶቹም ቦታ አንድ ፖቴንሻል ነው። ቅርቡም ሩቁም!»

የአቪ አፍ ተከፈተ። በዚህ ጊዜ «ቤሰደር» አላለም። ዮራም ስልኩን ኪሱ ከቶ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ዳንን፣ ዳንን እላለሁ በሆዴ።

እማማ ስንዱ ግን ቻርጅ ሆኖ ዝም ብሎ መቆም ሰለቻቸው። ከዘራቸውን ወደ አቪ ቀሰሩ።

«አንተ ረጅሙ። እስከ ዛሬ ስትሸሸኝ ነው የኖርክ። የማን ልጅ ነህ?»

አቪ መሸሻ የለውም። «የሲሳይ» አለ።

«ሲሳይ የማን?»

«የደሴ።» አባቱ በልጅነቱ አስጠንተውታል፤ አንቱታውን ባያውቅም ዘሩን እንደ ዳዊት ነው የሚወርደው። «ደሴ የአዳነ፣ አዳነ የጀንበሬ…»

እማማ ጣታቸው ቆመ። «ጀንበሬ አንካሳው? ባለ ነጭ በቅሎው?»

«አዎ፣ በቅሎ ነበረው ይላል አባዬ።»

«የአባቴ ወንድም!» ብለው እማማ ከዘራቸውን ጣሉት። «ሥጋዬ! ሥጋዬ እኮ ነህ! እኔ ለልጅ ልጄ ሳስብህ! ና ሳመኝ!»

አቪ ገመዱን አየ፣ ጋሼን አየ፣ ዮራምን አየ። እንግዲህ እዚህ ላይ እኛን ያላወቀ አይፈርድም። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ዘመድ እጃቸውን ዘርግተው «ና» ሲሉ «ይቅርታ፣ እኔ ቻርጅ ነኝ» የሚባል ነገር የለም። ገመዱን ተሻገረ።

«አቪ! አትውጣ!» ጮኹ ጋሼ። «አንተ የኳሱ ነህ!»

«የምን ኳስ! የእኔ ነው!» አሉ እማማ፣ አንገቱን ጎትተው ጉንጩን እያገላበጡ ይስሙታል።

የጋሼ እጅ በአየር ላይ ቀረ። ሁሉን በሚያምር ሁኔታ ሠርተውት፣ መጨረሻ ላይ ፈረሰ። ዮራም ከወንበሩ ተነሣ፣ ቀስ ብሎ መጣና ገመዱ አጠገብ ቆመ።

«ምን ተፈጠረ?» አለ።

«ብልጭታ ነው» አሉ ጋሼ በደከመ ድምፅ። «መሳሳቡ ሲበዛ አንዳንዴ… ይዘላል።»

ዮራም ወደ አቪ ዞረ። «እሺ። አሁን የኳሷ ፖቴንሻል ስንት ሆነ?»

ይህ መጽሐፉ ላይ የለም። ማንም አላስተማረንም። አቪ አንገቱ እማማ ስንዱ ብብት ሥር ተይዟል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ጋሼ ከንፈራቸውን ነክሰው መሬት መሬት ያያሉ፤ መልሱን በአፉ ላይ ሊያስቀምጡለት እንደሚፈልጉ፣ እንደማይችሉም ያስታውቃል። አቪ ከተሳሳተ ጋሼ ዛሬውኑ ቤታቸው ናቸው። እኔ «ተናገር፣ በሞቴ፣ ትክክሉን ተናገር» እያልኩ ወንበሬን ጨምድጃለሁ።

«ከመሀል ልጀምር» አለ አቪ ከብብታቸው ሥር። «እኔ ስለወጣሁ ገመዱ ላይ ማይነስ በአንድ ትበልጣለች። ማይነስ አንድ ለኳሷ ራዲየስ ይካፈላል፤ ፖቴንሻሉን ዝቅ ያደርገዋል። እማማ ደግሞ… እማማ አሁን ከእኔ ጋር ሆነው ፕላሳቸው በአንድ ጨምሯል። እሱ ከመሀል እስከ እሳቸው ላለው ርቀት ይካፈላል። ሁለቱን እደምራለሁ፣ በቋሚዋ አባዛለሁ።»

«የቀሩት ልጆች ቦታ ቢቀያየሩስ?»

«ይቀያየሩ! ከመሀል እስካልራቁ ምን አገባኝ!»

እኔ ያኔ ያለቀስኩት ስለ ፊዚክሱ ብቻ አልነበረም። አቪ «እሳቸው» ብሎ ነበር። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ዮራምን ሳቅ እንደያዘው ከትከሻው ያስታውቃል። ሊናገር አፉን ሲከፍት እማማ ስንዱ ቀደሙት።

«ይሄስ የማን ልጅ ነው?» አሉ ጋሼን።

ጋሼ እያፈሩ ተረጎሙለት። ዮራም የአባቱን ስም ተናገረ፣ የአያቱን ተናገረ፣ ከዚያ አሰበ፣ አሰበ፣ አቃተው።

«ሁለት ብቻ?» አሉ እማማ በጣም አዝነው። «ምስኪን። ግን ከእኛ አይገናኝም።» ከላይ እስከ ታች ገረመሙት። «አግብቷል?»

ይህንንም ጋሼ ተረጎሙ። ዮራም ሳያውቀው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና ግድግዳው ሥር፣ ወንዶቹ መሀል ገባ። ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ዮራም የት እንደቆመ ሲገባው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

«ይህን ምዕራፍ እስከ ፈተናው ትጨርሰዋለህ?» አላቸው ጋሼን።

«እጨርሰዋለሁ።»

«እንግዲያው ክፍሉ ያንተ ነው። እስከ ባግሩቱም፣ በሚመጣው ዓመትም።»

ጋሼ ውበቱ አንድ ወንበር ጎትተው ተቀመጡ። የሹራባቸውን እጅጌ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፣ እንባቸውን ይሁን ላባቸውን አላውቅም። እማማ ስንዱ በዕብራይስጥ የተባለው አልገባቸውም።

«ምን አለው? አባረረው?» አሉኝ።

«አላባረራቸውም፣ እማማ! ጋሼ ይቆያሉ!» አልኳቸው። እልልታቸው ኮሪደሩን ሞላው፣ ከአረጋውያኑ ክፍል ሌላ እልልታ መለሰለት፤ እዚያ ያሉት ለምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም።

ጋሼ ብድግ አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሹራባቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉ፣ ደረቁን ማርከር አነሡ።

«የሚቀጥለው ትምህርት» አሉን፣ «አንድ ኳስና ሁለት ነጥብ ቻርጅ ነው። ስለዚህ አንድ ሌላ ባልቴት ፈልጋችሁ ኑ።»

«እኔ ምን ጎደለኝ?» አሉ እማማ ስንዱ።